«እዚያ ከገባህ እንግሊዝ ገባህ ማለት ነው» ስለተባለችው ደሴት

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ኢንተርኔት ላይ ፎርም ስሞላ ከአገሮች ዝርዝር ውስጥ ሴንት ሄሌና የሚል ስም አየሁ። አገር ናት? ማን ይኖርባታል? ማን ያስተዳድራታል? ሰዉስ በምን ይተዳደራል? የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። አንድ ደላላ “የእንግሊዝ መሬት ናት፤ እዚያ ከገባህ እንግሊዝ ገባህ ማለት ነው” ብሎኝ ገንዘብ እያሰባሰብኩ ነው። እውነት ነው?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እውነት አይደለም። ገንዘብህን አትስጥ። ምክንያቱን ከታች በደንብ አስረዳሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ደሴቷን ላሳይህ። ስለ ትንንሽ ደሴቶች ሳነብና ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከሁሉም ልቤ የምትገባው ይቺ ናት። የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርታ አውጣ። አንጎላንና ናሚቢያን ፈልግ። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ውቅያኖሱ ግባ። 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ምንም የለም፤ ውኃ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ደርሰህ ብትመለስ ይህን ያህል አልተጓዝክም። እዚያ መሀል አንዲት ነጥብ አለች። ሴንት ሄሌና እሷ ናት። ስፋቷ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የአዲስ አበባን ሩብ አታህልም።

ስሟን ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ። ሄሌና ማለት የእኛ እሌኒ ናት፤ የቆስጠንጢኖስ እናት፣ በደመራ የምናስባት፣ መስቀሉን ያስቆፈረችው ንግሥት። ፖርቱጋሎች ደሴቷን ያገኟት በ1502 ሲሆን የመርከቦቹ አለቃ ጆዋ ዳ ኖቫ ይባል ነበር። ስሟን ያወጡላትም እነሱ ናቸው። የደሴቷ ሰዎች ግንቦት ወር ላይ፣ በፈረንጆቹ ሜይ 21፣ የሴንት ሄሌናን ቀን በሰልፍና በጨዋታ ያከብራሉ።

የመሬቱ አቀማመጥ ለእኛ አገር ሰው ለማስረዳት ቀላል ነው። ቆላና ደጋ አላት። ከባሕር ሥር ፈንድቶ የወጣ እሳተ ገሞራ ስለሆነች ዳር ዳሯ ገደል ነው። መርከብ ላይ ሆኖ የሚያያት ሰው ቡናማና ራቁት ድንጋይ ነው የሚታየው። ሣር የለ፣ ዛፍ የለ። ሽቅብ ስትወጣ ግን አገሩ ይለወጣል። መሀሏ ላይ 820 ሜትር ያህል የሚደርስ ሸንተረር አለ፤ ዳያናስ ፒክ ይሉታል። እዚያ ጉም አይጠፋም። ከደቡብ ምሥራቅ ያለማቋረጥ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበት ይዞ ይመጣል። ጫካው ጉሙን በቅጠሉና በግንዱ ላይ ባለው ሽበት እየጠመደ ወደ ውኃ ይለውጠዋል። ደሴቷ የምትጠጣውም አብዛኛው ከዚያ የሚወርደውን ነው። ከታች ጸሐይ እያቃጠለችህ በመኪና ከግማሽ ሰዓት በታች ነድተህ ሹራብ የሚያስለብስ ቦታ ትደርሳለህ።

ዋና ከተማዋ ጄምስታውን ናት። በሁለት ገደል መሀል፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ገብታ ቁጭ ያለች ከተማ ናት። አንድ ዋና መንገድ አላት። ከከተማው ቀጥ ብሎ ገደሉን የሚወጣ 699 ደረጃ ያለው መወጣጫ አለ፤ የያዕቆብ መሰላል ይሉታል። መጀመሪያ በ1829 የተሠራው ዕቃ በሐዲድ ለመጎተት ነበር። ሐዲዱ ቀርቶ ደረጃው አሁንም ያገለግላል።

ሰው ሲረግጣት ደሴቷ ባዶ ነበረች፤ ነባር ሕዝብ አልነበራትም። ይህ ልብ ሊባል ይገባል፤ ምክንያቱም ዛሬ ያለው ሕዝብ በሙሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ብዙው ደግሞ በፈቃዱ አልመጣም።

የመጀመሪያው ነዋሪ ታሪክ ያሳዝናል። ፌርናዎ ሎፔስ የሚባል ፖርቱጋላዊ ወታደር ነው። ህንድ ውስጥ ጎዋ ላይ ወገኖቹን ከድቶ ከጠላት ጋር ቆመ ተባለ። ሲያዝ አፍንጫውንና ጆሮውን ቆረጡት። ቀኝ እጁንም ቆረጡት። ወደ አገሩ በሚመለስበት መርከብ ላይ ሳለ፣ በ1516 ገደማ፣ መርከቧ ውኃ ልትቀዳ ሴንት ሄሌና ስትቆም ወርዶ ተደበቀ። ያንን ፊት ይዞ ዘመድ ፊት መቆም አልፈለገም። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወደ አውሮፓ ተወስዶ ተመለሰ እንጂ ሕይወቱን እዚያው ብቻውን ጨረሰ። የሚያልፉ መርከበኞች ምግብና ዘር ይተዉለት ነበር።

በ1659 የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ገባ። ምሽግ ሠራ፤ ሰፋሪ አመጣ። ባሪያዎችም አመጣ፤ ከአፍሪካ ምድር፣ ከማዳጋስካር፣ ከህንድና ከሩቅ ምሥራቅ። በ1810ዎቹ ደግሞ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች በውል መጡ። ዛሬ የደሴቷን ሰው ስታይ ይህ ሁሉ ፊቱ ላይ አለ። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ህንድ ይመስላል፣ አንዱ አፍሪካዊ፣ አንዱ ነጭ። ራሳቸውን ሴይንትስ ብለው ይጠራሉ። ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ነው፤ አነጋገሩ ግን የራሳቸው ስለሆነ የለንደን ሰው እንኳ ጆሮውን ማቅናት አለበት። በ2021 ቆጠራ ቁጥራቸው 4,400 ገደማ ነበር። በመንገድ ላይ መኪና ከመኪና ሲተላለፍ ሾፌሮች እጅ ሳይነሱ አይተላለፉም። አላይህም ብሎ ማለፍ እዚያ አገር ነውር ነው።

ኩባንያው ደሴቷን የፈለጋት ለአንድ ነገር ነው። ከህንድና ከቻይና የሚመለስ መርከብ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ሲመጣ ወራት ይፈጅበታል። ውኃና ትኩስ አትክልት የሚያገኝበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሴንት ሄሌና መንገድ ዳር ያለች ጠጅ ቤት ሆነች በለው። በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦች ይቆሙባት ነበር። በዚህ ምክንያት ነው የኖረችው። በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። መርከቡ በእኛ በኩል፣ በቀይ ባሕር ማለፍ ጀመረ። የእንፋሎት መርከብም በየቦታው ቆሞ ውኃ መቅዳት ቀነሰ። ጄምስታውን ጸጥ አለች። ቀይ ባሕርን ዓለም የሚሻማበት ያ መንገድ ሲከፈት፣ በሌላኛው የአፍሪካ ጎን አንዲት ደሴት እንጀራዋን አጣች። ካርታ ሳስተምር ሁሌም ይህን ለተማሪዎቼ አነሳለሁ።

ናፖሊዮንን ሳላነሳ ባልፍ ትታዘበኛለህ። ኤልባ ከምትባል ደሴት አምልጦ ስለነበር እንግሊዞች በ1815 ማምለጥ የማይቻልበት ቦታ ፈለጉ። ሴንት ሄሌና አመጡት። ሎንግዉድ በሚባል ነፋስና እርጥበት የማይለየው ከፍታ ላይ አስቀመጡት። በ1821 እዚያው ሞተ። በ1840 አስከሬኑ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ቤቱና የመጀመሪያ መቃብሩ ያለበት ቦታ ከ1858 ጀምሮ የፈረንሳይ መንግሥት ንብረት ነው። የሚጎበኙት ብዙዎች ናቸው።

ስለ ናፖሊዮን የማይነገረው ግን ለጥያቄህ ይጠቅማል። እንግሊዞች ማንም መጥቶ እንዳያስመልጠው ፈርተው ሌሎች ሁለት ባዶ ደሴቶችንም ያዙ። አንዷ አሴንሽን ናት፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሌላዋ ትሪስታን ዳ ኩኛ ናት፤ ወደ ደቡብ 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዛሬ ግዛቱ በይፋ የሚጠራው በሦስቱም ስም ነው፦ ሴንት ሄሌና፣ አሴንሽን እና ትሪስታን ዳ ኩኛ። እንዲህ የተራራቁ ሦስት ደሴቶች አንድ ግዛት የሆኑበት መነሻ የአንድ እስረኛ ጥበቃ ነው።

ከናፖሊዮን በኋላም እስረኛ አልቀረባትም። የዙሉው መሪ ዲኑዙሉ ከ1890 እስከ 1897 እዚያ በግዞት ቆየ። ከደቡብ አፍሪካው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ቦር የሚባሉ የደች ዝርያ ነጮች በ1900 ተማርከው መጡ። በ1957 ሦስት የባሕሬን ፖለቲከኞች ተላኩ።

እኔን ከናፖሊዮን ቤት ይልቅ የሚስበኝ ሩፐርትስ ሸለቆ ነው። ከጄምስታውን አንድ ኮረብታ አልፎ ያለ ደረቅ ሸለቆ ነው። ከ1840 ጀምሮ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወደ ብራዚልና ወደ ኩባ ባሪያ የሚያጓጉዙ መርከቦችን ሲይዝ ሰዎቹን እዚህ ያወርድ ነበር። በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ25,000 በላይ አፍሪካውያን ወረዱ። ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ከመርከቡ ሆድ ሲወጡ በሽታና ረሃብ ጨርሷቸው ነበርና ወደ 8,000 የሚሆኑት ሞተው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ተቀበሩ። ከተረፉት ጥቂቱ ቀረ። የሚበዛው ወደ ካሪቢያንና ወደ ኬፕታውን ተላከ፤ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ሌላ የጉልበት ሥራ።

ታሪኩ በሰፊው የወጣው የአውሮፕላን ማረፊያው ሊሠራ ሲል ነው። መንገድ ለማውጣት በ2007 እና በ2008 ሲቆፈር የ325 ሰዎች አጽም ወጣ። አጽሙ በሳጥን ሆኖ ከአሥር ዓመት በላይ መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። በ2022 ነው በክብር ተመልሶ እዚያው ሸለቆ የተቀበረው። ለዚህ የታገሉት ደግሞ የደሴቷ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ልጨምርልህ። ደሴቷ ፈጣን ኢንተርኔት ያገኘችው በ2023 ነው። ከፖርቱጋል ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚሄደው የጉግል የባሕር ሥር ኬብል ቅርንጫፍ ተዘረጋላት። የኬብሉ ስም ኢኪያኖ ነው፤ በልጅነቱ ተሸጦ በኋላ ነጻነቱን በገንዘቡ ገዝቶ ስለ ባርነት የጻፈው አፍሪካዊ ስም። ኬብሉ ከባሕር የሚወጣው በዚያው በሩፐርትስ በኩል ነው።

አሁን ወደ አስተዳደሩ። ሴንት ሄሌና ራሷን የቻለች አገር አይደለችም። የእንግሊዝ የባሕር ማዶ ግዛት ናት። ፎርሙ ላይ ለብቻዋ የመጣችው የራሷ የአገር ኮድ ስላላት ነው። ኩባንያው በ1834 ለእንግሊዝ ዘውድ አስረከባት። ዛሬ ርዕሰ ብሔሯ ንጉሥ ቻርልስ ነው። በእሱ ስም ከለንደን የሚሾም አገረ ገዢ አለ። የውጭ ጉዳይ፣ መከላከያና የውስጥ ጸጥታ በገዢውና በለንደን እጅ ነው። የቀረውን የቀን ተቀን ሥራ የሚያካሂደው የተመረጠው መንግሥት ነው። በ2009 አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ። የምክር ቤቱ የተመረጡ አባላት 12 ናቸው። በፓርቲ ሳይሆን በግል ይወዳደራሉ። ከ2021 ጀምሮ ከመካከላቸው ዋና ሚኒስትር ይመረጣል፤ አራት ሚኒስትሮችም ይሾማሉ። ከዚያ በፊት ሥራው በኮሚቴ ነበር የሚሠራው። የመጀመሪያዋ ዋና ሚኒስትር ሴት ናት፤ ጁሊ ቶማስ። ፍርድ ቤትም አላቸው። የመጨረሻው ይግባኝ ግን ለንደን ድረስ ይሄዳል።

አራት ሺህ ሰው ባለበት አገር ፖለቲካ ምን እንደሚመስል አስብ። ሚኒስትሩን ሱቅ ውስጥ ታገኘዋለህ። መንገዱ ተበላሽቷል ብለህ እዚያው ትነግረዋለህ። በሌላ በኩል ደግሞ ዳኛው፣ ፖሊሱና ተከሳሹ አብረው የተማሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ምክር ቤቱን ስገመግም ይህን ችግር ከሥልጣን ጥበት እኩል ነው የማየው።

የዜግነት ጉዳይ የአንተን ጥያቄ በቀጥታ ይነካልና ቀስ ብለህ አንብበው። ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ በ1673 ለደሴቷ ሰፋሪዎች ቻርተር ሰጥቶ ነበር። እነሱም ልጆቻቸውም እንግሊዝ ውስጥ እንደተወለደ ሰው መብት አላቸው ይላል። ለሦስት መቶ ዓመት በዚያ ኖሩ። በ1981 የእንግሊዝ ፓርላማ አዲስ የዜግነት ሕግ አወጣ። ከ1983 ጀምሮ የሴንት ሄሌና ሰው እንግሊዝ ገብቶ የመኖርና የመሥራት መብቱን አጣ። በወቅቱ ለንደን ዋናው ሥጋቷ ከሆንግ ኮንግ ብዙ ሕዝብ ይመጣል የሚል ነበር። ትንሹ የሴንት ሄሌና ሕዝብ በዚያ መሀል ተረገጠ። የፎክላንድ ደሴት ሰዎች ግን ከአርጀንቲናው ጦርነት በኋላ ወዲያው ሙሉ ዜግነት ተሰጣቸው።

ሴይንቶቹ ዝም አላሉም። የደሴቷ ኤጲስ ቆጶስ በ1992 ለዚህ ጉዳይ ኮሚሽን አቋቋሙ። ያንን የ1673 ቻርተር አውጥተው ለንደን ድረስ ሄደው ተከራከሩ። ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። በ2002 መብታቸው ተመለሰ፤ ሕጉ ተግባራዊ የሆነበት ቀን ሜይ 21 ነው፣ የእሌኒ ቀን። አንድ ትንሽ ሕዝብ አሮጌ ወረቀት ይዞ መንግሥትን ረታ። ስለዚህች ደሴት አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምናገረው ይህን ነው።

እንግዲህ አስበው። እዚያ ተወልዶ፣ አባቱ ተወልዶ፣ አያቱ ተወልዶ የኖረ ሰው እንግሊዝ መግባት ተከልክሎ ነበር። ደላላው ግን አውሮፕላን ብቻ ይዘህ ብትሄድ ይበቃል እያለህ ነው።

ኑሯቸውስ? መርከቡ ከቀረ በኋላ ብዙ ሞከሩ። ረጅም ጊዜ የቆየላቸው ከኒውዚላንድ የመጣ ቃጫ ነው። ከ1907 ጀምሮ ደሴቷ በሙሉ ቃጫ ሆነች። ፋብሪካ ተከፈተ፤ ገመድና ክር ተፈተለ። ትልቁ ደንበኛ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ነበር፤ የደብዳቤ ከረጢት ይታሰርበታል። በ1960ዎቹ ፖስታ ቤቱ ወደ ሰው ሠራሽ ክር ዞረ። በ1966 ፋብሪካው ተዘጋ። የአንድ ቢሮ የግዢ ውሳኔ የአንድ አገር ሥራ ዘጋ። ቃጫው ግን እስካሁን ተራራውን ይዞ የአገር በቀሉን ዛፍ ቦታ ነፍጓል።

ከዚያ ወዲህ የመንግሥቱ በጀት በአብዛኛው የሚሸፈነው በእንግሊዝ ድጎማ ነው። ትልቁ ቀጣሪም መንግሥት ነው። የራሳቸው ፓውንድ አላቸው፤ ዋጋው ከእንግሊዙ ፓውንድ ጋር እኩል ነው። ባንክ አንድ ነው። ሆስፒታል አንድ ነው፤ የጠናበት በሽተኛ ደቡብ አፍሪካ ይላካል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም አንድ ነው። ሱቅ ውስጥ የምታየው ዕቃ አብዛኛው ከኬፕታውን በጭነት መርከብ የሚመጣ ነው። መርከቧ ስትዘገይ ቲማቲምና ሽንኩርት ይጠፋል። ደመወዝ ከእንግሊዝ በብዙ ያነሰ ሲሆን ዕቃው ግን የመርከብ ዋጋ ተጨምሮበት ይሸጣል። ስለዚህ ወጣቱ ይሄዳል። ወደ አሴንሽን፣ ወደ ፎክላንድ፣ ወደ እንግሊዝ። ስዊንደን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በጣም ስለበዙ ከተማዋን ስዊንዶሌና እያሉ ይጠሯታል። ልጁን አያት ጋር ትቶ የሚሄደው ብዙ ነው። ይህን ለአንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አረብ አገር የሄደ እኅት ወይም ወንድም የሌለው ቤት እኛ ዘንድም ስንት ነው?

ዓሣ አላቸው። ቱናን አንድ በአንድ በዘንግ ነው የሚያጠምዱት፤ ውኃውን የሚጠርግ መረብ አይጥሉም። በ2016 በዙሪያቸው ያለውን ባሕር በሙሉ ጥበቃ የሚደረግለት ክልል አድርገው ደነገጉ።

ቡናም አላቸው። እዚህ ላይ የእኛ እጅ አለበት። በ1733 የኩባንያው መርከብ ከየመን፣ ከሞካ ወደብ የቡና ዘር አመጣላቸው። ዘሩ ወደ የመን ከየት እንደሄደ ለአንተ አልነግርህም። እዚያ ያለው ቡና ከዚያ ወዲህ ብዙም ሳይዳቀል ቆይቷል። በ1851 ለንደን ላይ በተደረገው ታላቁ ኤግዚቢሽን ተሸለመ። ማሳው ትንሽ፣ የሚመረተው ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ሰማይ ነው። ጅማና ይርጋ ጨፌ በኩንታል የምንቆጥረውን እነሱ በኪሎ ይቆጥሩታል።

ትልቁ ተስፋ ቱሪዝም ነው። እስከ 2017 ድረስ ወደ ደሴቷ የሚወስደው መደበኛ መንገድ መርከብ ነበር። ከኬፕታውን አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል። እንግሊዝ 285 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥታ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራች። በ2016 ይመረቃል ሲባል ችግር ተገኘ። ማረፊያው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ነፋሱ ገደሉን ሲመታ ድንገት አቅጣጫና ፍጥነት ይቀይራል፤ ትልቅ አውሮፕላን ሲያርፍ ይህ አደገኛ ነው። የለንደን ጋዜጦች የዓለም የማይረባው አየር ማረፊያ ብለው ተሳለቁበት። እኔ በዚያ አልስማማም። ከዚያ በኋላ አነስ ያለ አውሮፕላን ተመረጠ። በጥቅምት 2017 የደቡብ አፍሪካው ኤርሊንክ ከጆሃንስበርግ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አደረገ። በዋናነት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ነው የሚበረው። ማረፍ ካልቻለ ወደ አህጉሩ የሚመለስበት ነዳጅ መያዝ ስላለበት ሲሄድ ናሚቢያ ላይ ይቆማል። የታሰበውን ያህል ጎብኚ ገና አልመጣም፤ ኮሮናም መሀል ገባ። ግን ድሮ ልቡ የታመመ ሰው መርከብ ይጠብቅ ነበር። አሁን በአውሮፕላን ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። ይህንን የማይረባ የሚለው እዚያ የማይኖር ሰው ብቻ ነው።

የሚሄድ ሰው ብዙ ያያል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ግዙፎቹ ነጠብጣብ ሻርኮች ይመጣሉ፤ ሰው አይነኩም። ሌላ የትም የሌለች ትንሽ እግረ ቀጭን ወፍ አለች። ድሮ ፖርቱጋሎች የለቀቁት ፍየል ጫካውን ስለጨረሰው ብዙ ዛፍ ጠፍቷል። የደሴቷ ወይራ የሚባለው ዛፍ የመጨረሻው በ2003 ሞተ። ሌላው፣ ጠፍቷል የተባለው የኢቦኒ ዛፍ ግን በ1980 ሁለት ቁጥቋጦ ሆኖ ገደል ላይ ተገኘ። ከእነዚያ ሁለት ተቆርጦ ተተክሎ ዛሬ በብዛት አለ። በገዢው መኖሪያ ግቢ ደግሞ ጆናታን የሚባል ግዙፍ ኤሊ አለ። በ1882 ሲመጣ ሙሉ አካል ነበር፤ በ1832 አካባቢ እንደተፈለፈለ ይገመታል። አፄ ቴዎድሮስ ሳይነግሡ የተወለደ ፍጡር ማለት ነው።

አሁን ደላላው። ቁም ነገሩ አንድ ነው። የባሕር ማዶ ግዛቶች ኢሚግሬሽናቸው ከእንግሊዝ የተለየ ነው። የእንግሊዝ ቪዛ ሴንት ሄሌና አያስገባህም። የሴንት ሄሌና ፈቃድም እንግሊዝ አያስገባህም። ለንደንን የሚያስገባው ዜግነት ነው እንጂ ደሴቷን መርገጥ አይደለም። አሴንሽን ደግሞ ከዚህም ትጠብቃለች። እዚያ ቋሚ ነዋሪ የሚባል የለም። ተወልደህ ብታድግ እንኳ የመኖር መብት አይሰጥህም፤ ሥራህ ሲያልቅ ትወጣለህ። የጦር ሰፈርና የመገናኛ ጣቢያ ናት።

«ስደተኞች ወደ ሴንት ሄሌና ይላካሉ» የሚል ዜናም ሰምተህ ይሆናል። በጥቅምት 2024 እንግሊዝ ከደሴቷ መንግሥት ጋር ስምምነት አድርጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ በህንድ ውቅያኖስ ዲዬጎ ጋርሲያ በምትባል ደሴት ላይ በጀልባ ለሚደርሱ ሰዎች የታሰበ ነበር። ሐሳቡም ሰዎቹ እንግሊዝ እንዳይገቡ ለማድረግ ነበር። ደላሎች ይህን ወሬ ገልብጠው እንደሚሸጡት አልጠራጠርም።

ሥራ የለም ወይ ካልክ፣ አለ። ግን ለባለሙያ ነው። ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር፣ መሐንዲስ ሲጎድላቸው የደሴቷ መንግሥት ራሱ በይፋ ማስታወቂያ አውጥቶ በተወሰነ ዓመት ውል ይቀጥራል። ለዚያ ደላላ አያስፈልግም። ሙያው ካለህ ማስታወቂያውን ራስህ አንብበህ አመልክት። ለጉብኝት ከሆነ ደግሞ የመመለሻ ትኬትና የሕክምና ኢንሹራንስ ይጠይቁሃል። ኢንሹራንሱ ብትታመም በአውሮፕላን ማስወጣትን የሚሸፍን መሆን አለበት። አራት ሺህ ሰው ባለበት ቦታ ደግሞ እንግዳ አይሰወርም። ያለ ፈቃድ ልደበቅ ቢል እስከ ማታ አይዘልቅም።

አንድ የመጨረሻ ምክር አለኝ። ደላላው «እዚያ ያለ ወኪሌ ደወለልኝ» ካለህ ቁጥሩን እይ። የደሴቷ ኮድ +290 ነው። ኤርትራ +291 ናት፤ በአንድ ቁጥር ነው የሚለያዩት፣ አትሳሳት። ከ290 በኋላ የሚመጣው አምስት አኃዝ ብቻ ነው። ሰዉ ትንሽ ስለሆነ አምስት ይበቃቸዋል። የደወለልህ ቁጥር ከዚያ ከረዘመ ከሴንት ሄሌና አልተደወለም።